የጎረቤቴ ጠመንጃ

እዚህ ሚኒሶታ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ፣ የሟች ባለቤታቸውን የአደን ጠመንጃ ዋጋውን አስገምቼ እንዳሸጥላቸው ለመኑኝ። እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት የተሠራ ዊንቸስተር ሞዴል 94 ነው። ሰደፉ ተሰንጥቋል፣ ተጫጭሯል።

ያሳመርኩት መስሎኝ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ቀባሁት። የመሣሪያ ጠጋኙ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ።

«ስንጥቁ በጠንካራ ሙጫ ይጠገን ነበር። ሰብሳቢዎች ግን ብዙ የሚከፍሉት ለፋብሪካው ቅብ ነው፤ እሱን አጠፋኸው» አለኝ።

ልደብቃቸው አሰብኩ፤ አልቻልኩም። እውነቱን ተናግሬ «የጎደለውን እኔ ልክፈል» አልኳቸው። ሰደፉን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «የእጁ ምልክት የት ሄደ?» አሉ።

የዚያን ዋጋ ማንም ገማች አይነግረኝም። እናንተም የሰው ዕቃ ከማሳመራችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።