ከሆሳዕና ለወንድሜ



ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ አድርጌ ሆሳዕና ገብቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ጤፍና ስንዴ እያየ ላደገ ሰው አገሩ ሁሉ አዲስ ነው፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቤቱን ከልሎ ቆሟል። ያረፍኩበት ቤት እናት አታካና ሠርተው አቀረቡልኝ፤ ከቡላ፣ ከቅቤና ከአይብ የሚሠራ የሐድያ ምግብ ነው። እንዲህ የሚያጠግብ ነገር በልቼ አላውቅም።

በስልክ «የባትሪ ጥናት የምታጠኚ ሰው ሆሳዕና ምን ወሰደሽ?» ብለኸኝ መልሱን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። የመጣሁት የሞተ ባትሪ ፍለጋ ነው። ከመናኸሪያው አካባቢ ያሉ ስልክ ጠጋኞች ያበጠውን ለብቻ፣ ቻርጅ የማይዘውን ለብቻ አድርገው ያስቀምጣሉ። የፀሐይ መብራት ባትሪም ከገጠር ይመጣላቸዋል። አንዱ ጠጋኝ የነገረኝ ነገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ መብራቶቹ በብዛት የሚመጡለት መስከረም ሲጠባ ነው። ክረምቱን ፀሐይ ስለማያገኙ ባዶ ሆነው ይከርማሉ፤ ሰማዩ ሲጠራ ቢሞከሩም አይሞሉም። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩትም።

አንተ ፊዚክስ አስተማሪ ነህና ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርህ። የሞተውን ባትሪ የምንመረምረው በኤክስሬይ ነው፤ ኤክስሬይ ግን ሊቲየምን አያይም ማለት ይቻላል። ጨረሩን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ሊቲየም ያሉት 3 ብቻ ሲሆኑ ብረት 26 አለው። ስለዚህ የሊቲየምን መግባትና መውጣት የምናውቀው በዙሪያው ያሉት አተሞች ሲራራቁና ሲቀራረቡ አይተን ነው። ግራፋይት እንደ እንሰት ግንድ ንብርብር በንብርብር ላይ የተደረደረ ካርቦን ነው። ባዶ ሳለ በሁለት ንብርብሮች መካከል ያለው ርቀት 0.335 ናኖሜትር ነው፤ ሊቲየም ሲሞላበት 0.370 ይደርሳል። እኛ የሞገድ ርዝመቱ 0.154 ናኖሜትር የሆነ ጨረር እንልክበታለን፤ ርቀቱ ሲሰፋ ጨረሩ የሚበተንበት ማዕዘን ይጠባል። ለተማሪዎችህ የምታስተምረው የብራግ ሕግ ነው። ሎረንስ ብራግ በ1915 እ.ኤ.አ. ከአባቱ ጋር ኖቤል ሲሸለም ገና 25 ዓመቱ እንደነበር ንገራቸው።

ከፀሐይ መብራቶቹ የብዙዎቹ ባትሪ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። ሲሞላ ሊቲየሙ ከብረት ፎስፌቱ ወጥቶ ወደ ግራፋይቱ ይገባል፤ ክሪስታሉም በ7 በመቶ ገደማ ይጠባል። ሊቲየም ያለውና የሌለው ብረት ፎስፌት በኤክስሬዩ ላይ የየራሳቸው መስመር አላቸው። ባትሪው ጨርሶ ሲወርድ ሊቲየሙ ሁሉ ተመልሶ የባዶው መስመር መጥፋት ነበረበት። በሞተ ባትሪ ውስጥ ግን መስመሩ አይጠፋም። ከጥንካሬው ተነስተን ስንቱ ሊቲየም ሳይመለስ እንደቀረ እናሰላለን፤ የቀረው በግራፋይቱ ገጽ ላይ ከኤሌክትሮላይቱ ጋር ተዋሕዶ ስስ ሽፋን ሆኗል። በክረምት ባዶውን የከረመው ባትሪ ሌላም ሕመም ሊኖረው ይችላል። ከልክ በላይ ሲወርድ ግራፋይቱ የተለበጠበት መዳብ ይሟሟል፤ መልሶ ሲሞላ መዳቡ ያለ ቦታው ተጋግሮ ውስጡን ሾርት ያደርገዋል። የጠጋኙን መብራቶች የገደላቸው የትኛው ነው? ዶክትሬቴን የምሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሌላ ጥያቄ ብትሰጠኝ አልለውጥህም።

ከዚያ በአንጋጫ በኩል ወደ ከምባታዋ ዱራሜ ሄድኩ። ሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ግን ዱራሜን የማስታውሳት በሶላር ነጋዴዋ ነው። «የትኛው ዕቃ ነው ክረምቱን የሚችለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ የሚለካው ሙቀቱ በተስተካከለ ክፍል፣ ኃይል በማይቋረጥበት ቤተ ሙከራ ነው። የከምባታ ክረምት እዚያ የለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ዛሬ በመብራት የምንጠይቀውን ነገ በኤሌክትሪክ መኪና እንጠይቀዋለን።

የእኛ ሰው ይህን ሥራ አይችለውም የሚል ካለ ታይዋንን አሳየው። ታይፔ በሚገኘው የታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሊቲየም ባትሪ ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል። ግራፋይቱን አስቀርተው ሊቲየሙ በቀጥታ በመዳብ ላይ የሚለበጥበትን ባትሪ አጥንተዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጡት ሥራዎቻቸው አንዱ መዳቡን በስስ ፖሊኢትሊን ኦክሳይድ መሸፈን የባትሪውን ቅልጥፍና እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ጽሑፉ የሚጀምረው በኢትዮጵያዊ ስም ነው፤ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል። ታይዋን ሲንክሮትሮን አላት፤ ኤሌክትሮን በትልቅ ቀለበት እያሽከረከረ እጅግ ብርቱ ኤክስሬይ የሚያወጣ ማሽን ነው። አፍሪካ አንድም የላትም። ቅርባችን በ2017 እ.ኤ.አ. ዮርዳኖስ ላይ የተመረቀው ሴሳሚ ነው፤ ግብፅ አባሉ ናት። ኢትዮጵያም በዚያ ደጅ ሰው ልትልክ ይገባታል።

ለእኔ ጥያቄ ግን ሲንክሮትሮን አስፈላጊ አይደለም። በጠረጴዛ የሚቀመጥ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽን፣ ሲበላሽ የሚያድሰው ሰው፣ ባትሪውን አየር ሳይነካው የምንከፍትበት አርጎን የተሞላ ሣጥን ይበቃሉ። እነዚህ እንደ ዋቸሞ ባሉ የየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቢሟሉ የዱራሜዋ ነጋዴ መልሷን ከራሷ አገር ታገኛለች። ባትሪው እዚህ ይሞታል፤ ምርመራውም እዚህ መደረግ አለበት።

አሁን አንድ አደራ አለብህ። የማርቆስ ጠጋኞች የፀሐይ መብራት ባትሪ እንዳይጥሉ፣ መቼ ሥራ እንዳቆመ በላዩ ጽፈው እንዲያቆዩልኝ ንገርልኝ። ያበጠውን ግን ማንም እንዳይነካካው። ተማሪዎችህም በቢላ እንዳይከፍቱት አስጠንቅቅልኝ፤ እሳት ይነሳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። እማዬን ሳምልኝ።

ታናሽ እህትህ