እንዚራ

አባቴ ካረፈ በኋላ ባለ10 አውታር በገናውን የሸጥሁት እኔ ነኝ። ባለ4 አውታር አኩስቲክ ቤዝ ጊታር በርካሽ የገዛሁትም እኔው ነኝ።

የጊታሩ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ግን አላጠገበኝም። የበገና ንዝረት ምስጢሩ እንዚራ ነው፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ። እሑድ ዕለት አውታሮቹን አላልቼ፣ የጊታሩን አጥንት አውጥቼ በሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት ተካሁት። ከአሮጌ ቀበቶዬ ቆዳ ቆርጬ ከወፍራሙ አውታር ሥር ሸጎጥሁ። ድምፁ ታፈነ። ቆዳውን በምላጭ አሳሳሁት፤ ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት ሳብ አደረግሁት። ሲመሽ አውታሩ እንደ ቀፎ ንብ አጉረመረመ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስለተሸጠው በገና አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

«አባትህ ከዚህ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው» አለችኝ።

መቃኛውን አላላሁት።