እግርሽ ነው ወይስ ቀለምሽ?

የሰኞው ኢንተርቪው ምን ሆነ እያላችሁ በኢንቦክስ ለጨቀጨቃችሁኝ፦ ሥራው ቀርቷል። «ጠንካራ ተወዳዳሪ ነበርሽ፣ ነገር ግን…» የምትለዋን ኢሜይል ታውቋታላችሁ።

ዛሬ አንዲት የሕግ አማካሪ ጋ ደወልኩ። በደንብ ካዳመጠችኝ በኋላ «ያልቀጠሩሽ በእግርሽ ነው ወይስ በቀለምሽ?» አለችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ጥያቄውም የእሷ ሳይሆን የሕጉ ነው። ግን እንዴት አድርጌ ልለያቸው? ኢንተርቪው ያደረገኝ ሰውዬ እኮ በአንድ ትንፋሽ ነው «እንግሊዝኛሽ ግሩም ነው፤ ደረጃው አላስቸገረሽም?» ያለኝ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2010 የእኩልነት ሕጉን ሲያወጡ ይህን አስበውበት ነበር። አንቀጽ 14 ሰው በሁለት ማንነቱ ድምር ከተበደለ እንደ አንድ በደል እንዲከስ ይፈቅዳል። በዓመቱ መንግሥት ለአሠሪ ወጪ ያበዛል ብሎ ተወው። አንቀጹ ዛሬም ተጽፎ አለ፣ አይሠራም። ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ ማስረዳት አለብኝ። አሠሪው ደግሞ «ጥቁር ሠራተኛ አለን፣ አካል ጉዳተኛም አለን» ይላል። እውነቱን ነው! ጥቁሩ ማራቶን ይሮጣል፣ አካል ጉዳተኛዋ ነጭ ናት።

ፈረንጁን ብቻ እንዳላማ ግን የእኛንም ልናገር። እዚሁ ለንደን አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ካሸር ይፈልጋል ሲባል ክራንቼን ይዤ ከች አልኩ። ባለቤቱ ጋሼ ገና ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አንቺማ አትድከሚ ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ» ብለው ክትፎ በነፃ አስቀረቡልኝ። ጋሼ፣ ካሸር እኮ ቁጭ ተብሎ ነው የሚሠራው! የሚያናድደኝ ደግሞ ክትፎው መጣፈጡ። አጠገቤ የነበሩት እናት «እግዜር ይማርሽ» አሉኝ፤ የልጅነት ልምሻ ከያዘኝ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ትናንት ጉንፋን የጀመረኝ መስሏቸዋል። ቀጥሎ ጸበል። እማማ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ሄጃለሁ። የተረፈኝ ብርዱ ነው።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ የሰኞው ሥራ ማስታወቂያ ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ነን» የምትል አርማ ነበረች። መስፈርቱን እስካሟላሽ ኢንተርቪው ይጠሩሻል ማለት ነው። ጠሩኝ፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። መንግሥትም ባቡር ላይ መውጣት ለማይችል ሰው የታክሲ ይከፍላል፣ መጀመሪያ ሥራ ካገኘ። ምንም የጎደለ የለም እኮ፣ ከሥራው በቀር!

ለክስ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ነገ ለአማካሪዋ ደውዬ «ሁለቱንም ጻፊ» እላታለሁ። ኮመንት ላይ ጸበል የሚል ሰው ብሎክ ነው።