የወተት ሻጪቱ ድምፅ

ፊልም ሲያዩት ቀላል፥ ሲሠሩት ግን ከባድ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው። አምስት ደቂቃ በማይሞላ ፊልም ምክንያት፥ ዘጠኝ ዓመት የኖርሁበትን ከተማ እንደማላውቀው ተረዳሁ። ይህን ታሪክ ለአንባብያን ባካፍል፥ እንደ እኔ ከሰው ጋራ በወረቀት ብቻ ለሚገናኙ የሥራ ባልደረቦቼ ጥቂት ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

እኔ በጂጂጋ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሰጥ የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት መከፈቱን በሰማሁ ጊዜ፥ ዕድሜዬ ከሠላሳ አምስት ማለፉን ሳልቈጥር ተመዘገብሁ። ከተማሪዎቹ ሁሉ ታላቅ ስለ ነበርሁ ልጆቹ «ጋሼ» ይሉኝ ነበር። ይህ አጠራር ደስ ቢያሰኘኝም፥ በኋላ እንደምናገረው አሳስቶኛል።

መምህራችን በአራት በአራት ከፍሎ አጭር ፊልም እንድንሠራ አዘዘን። በእኛ ቡድን ውስጥ ሁለት ወጣቶች፥ አንዲት በጂጂጋ የተወለደች የሶማሌ ልጅና እኔ ነበርን። ማንም ሳይሾመኝ አለቃ ሆንሁ።

መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ካራማራ ተራራ ለመሥራት ነበር። ለጂጂጋ በምዕራብ በኩል የቆመው ይህ ተራራ ብዙ ጦር ያየ ነው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የጣልያንን ሠራዊት ከማርዳ በር ያስለቀቀው በዚሁ ነው። በሶማሊያ ወረራ ዘመንም ተራራውና ከተማው በጠላት እጅ ወድቀው ቆይተው፥ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋራ ሆኖ ጂጂጋን መልሶ ያዘ። አባቴ በዚያን ጊዜ ከዘመቱት አንዱ ስለ ነበረ፥ እኔ ካራማራን በዐይኔ ሳላየው በጆሮዬ ጠግቤው ነበር ያደግሁት።

ሐሳቤን ባቀረብሁ ጊዜ ልጅቱ በትሕትና፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የሚናገሩት ካራማራ የአባትዎ ነው። እኛ ደግሞ በየጧቱ የምናየው አለ፤» አለችኝ። ቀጥላም ከተራራው ሥር ተነሥታ የግመል ወተት ይዛ ወደ ከተማ ስለምትመጣ አንዲት ሴት ነገረችን። ሁላችንም ተስማማን። እኔ ግን ተራራው ከሴትዮዋ በስተኋላ ጐልቶ እንዲታይ አጥብቄ አዘዝሁ።

በክፍል የተማርነው ብዙ ነበር። የሉሚዬር ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 በፓሪስ ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ፊልም ማሳየታቸውን፥ ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ የሚመስለንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 የቆሙ ሥዕሎች ስለሚፈራረቁ መሆኑን ተምረናል። ደግሞም በሁለት ሰዎች መካከል፥ ወይም በሚሄድ ሰው መንገድ ላይ፥ የማይታይ መስመር እንዳለ ማሰብ እንደሚገባ፥ ካሜራው ያን መስመር ከተሻገረ ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው ሰው ወደ ግራ የሚመለስ እንደሚመስል ተነግሮናል። እኔም ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ ባለሙያ የሆንሁ መሰለኝ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለእኔ ዐይነቱ ነው።

ፊልሙ ድምፅ አልባ እንዲሆን የወሰንሁትም እኔ ነኝ። «ሥዕሉ ራሱ ይናገራል» ብዬ ስከራከር ልጆቹ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቈጠርሁት።

በተቀጠረው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ከመንገዱ ዳር ቆምን። ካሜራችን የእጅ ስልክ ነበር፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ተውሰን ነው። ፀሐይ ከኋላችን ወጥታ የተራራውን ፊት ስታበራው፥ ስድሳ ዓመት የሚጠጋት ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ብቅ አለች። ልጅቱ «ኤዶ» ብላ ሰላምታ ሰጠቻት፤ በሶማልኛ የአባት እኅት ማለት ሲሆን፥ ታላቅ ሴትም በአክብሮት ትጠራበታለች። ሴትዮዋም እንድንቀርጻት ፈቀደች።

በመጀመሪያው ቀረጻ መኪና አለፈብን። በሁለተኛው ነፋሱ ማቆሚያውን አንቀጠቀጠው። በሦስተኛው ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ተመለከተች። እኔም እያንዳንዱን ጊዜ «እንደ ገና ትመለስ» እያልሁ አምስት ጊዜ አስመላለስኋት። ስድስተኛውን ባዘዝሁ ጊዜ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ለልጅቱ ተናገረች። ሲተረጐም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሰው ወተቴን የሚገዛኝ ለጧት ሻዩ ነው። ሻዩን ከጠጣ በኋላ ማን ይፈልገኛል?»

ሰዓቴን ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ገንዘብ ብዘረጋላት አልተቀበለችም። «እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም፤ ከፈለጋችሁ ወተቱን ግዙኝ፤» አለች። ያለንን አዋጥተን ጀሪካን ሙሉ ወተት ገዛን። በዚያን ቀን ማታ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ የግመል ወተት ሲጠጣ አመሸ፤ እኔ ግን አንድ ብርጭቆ መጨረስ አቃተኝ።

ፊልሙን በሦስት ሌሊት ቈርጠን ቀጠልነው፤ የክራር ዜማም አገባንበት። መምህሩ አመሰገነን። ልጅቱ ግን፥ «ለባለቤቲቱ ሳናሳያት አለቀ አይባልም፤» ብላ ወደ ገበያ ወሰደችን።

ሴትዮዋ ከጥላዋ ሥር ተቀምጣ፥ ጎረቤቶቿም በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው፥ ፊልሙን በስልኩ አዩት። በመጀመሪያ የያዘችው ነገር እኛ አራታችን፥ መምህራችንም ጭምር ያላየነውን ነው፤ ጀሪካኑ በአንዱ ቀረጻ በቀኝ እጇ፥ በሚቀጥለው በግራ እጇ ነበር። ገበያው በሣቅ ፈነዳ። ሣቁ ጋብ ሲል ግን እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «ይህች ሴት ዲዳ ናትን? እኔ በዚህ ገበያ ስጮኽ ነው የምውለው።»

በዚህ ጊዜ የደበቅሁት ነገር ለራሴ ተገለጠልኝ። ፊልሙን ድምፅ አልባ ያደረግሁት ለጥበብ ብዬ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት በጂጂጋ ስኖር ሶማልኛ አለመማሬ እንዳይታወቅብኝ ነበር። ዓለም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1927 ጀምሮ ተዋናይ ሲናገር የሚሰማበትን ፊልም ለምዶ ሳለ፥ እኔ የአንዲትን ሴት አፍ ዘግቼ፥ ከኋላዋ የአባቴን ተራራ አቁሜ፥ የእርስዋ ታሪክ ነው አልሁ።

በዚህ ስሕተት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 ባወጣው ናኑክ በተባለው ፊልም፥ የሰሜን ዋልታ አገር ሰዎች በጠመንጃ ማደን ለምደው ሳለ በጦር እንዲያድኑ፥ ብርሃንም እንዲገባ ግማሹ በተከፈተ የበረዶ ቤት ውስጥ እንዲተኙ አድርጓል። በአንጻሩ ኃይሌ ገሪማ በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ገበሬዎች በገዛ ቋንቋቸው እየተናገሩ ይታያሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ ከክፍል ይልቅ በገበያው ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ፊልም ሠራን። አለቅነቱን ለልጅቱ ለቀቅሁ፤ እኔ የድምፅ መቅረጫውን ከነፋስ ለመከላከል በጨርቅ ሸፍኜ ያዝሁ። ሴትዮዋን ሂጂ፥ ተመለሺ የሚላት አልነበረም። ካሜራው ከመደቧ አጠገብ ቆሞ፥ ገዢ ሲመጣ እየሸጠች፥ ሲሄድ ታወራ ነበር። ወተቱ በጭስ በታጠነ ዕቃ ይያዝ በነበረ ጊዜ የነበረውን ጣዕም፥ ፕላስቲክ ከመጣ በኋላ የጐደለውን፥ የድርቁን ዓመታት ተናገረች። ስለ ተራራው ስትጠየቅ፥ «ደመና ሲቀመጥበት ግመሎቻችን ቅርብ ይሆናሉ፤ ደመናው ሲርቅ ልጆቼም ከግመሎቹ ጋራ ይርቃሉ፤» አለች።

ጦርነቱንም አስታወሰች። ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች። ቤተ ሰቡ በሌሊት ሲሸሽ፥ የግመሉ ግልገል ድምፅ እንዳያሰማ እናቷ አፉን በጨርቅ አስራው ነበር።

ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ፥ «ግልገሉስ ተረፈ?» ሲል ጠየቀኝ። አልጠየቅሁም ነበር።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ የመዝገቦቹን ክምር በሌላ ዐይን ተመለከትሁት። «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ገልብጬዋለሁ! ማን እንደ ተናገረ፥ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ፥ የዝምታውም ምክንያት ምን እንደ ሆነ ጠይቄ አላውቅም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እያልን የምንጠቅሰው ምሳሌ ለመዝገብ ሠራተኛም የተነገረ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የሚያልፈው ወረቀት ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ፥ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ እንዲጻፍልኝ መልሼ እልካለሁ። አንዳንዶች ሥራ አዘገየህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፥ ይዘገያል።

ከአባቴ ጋራ በተነጋገርን ማግሥት የአባቴን ጥያቄ በሶማልኛ ከልጅቱ አጥንቼ፥ ብቻዬን ወደ ገበያ ሄድሁ። አነጋገሬ ተሰባብሮ እንደ ሆነ ከጎረቤቶቿ ፈገግታ ተረድቻለሁ። ሴትዮዋ ግን አልሣቀችም። «ሃ» አለችኝ፤ አዎን ማለት ነው። ከዚያም ስለ ግልገሉ ረጅም ታሪክ ጀመረች። እኔም ከጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጬ፥ ከአሥሩ ቃል አንዱን እየያዝሁ፥ እስከ መጨረሻው ሰማኋት።