ውኃ በግቢ ውስጥ አለ

ሰው ያጠፋውን ጥፋት በልቡ ይዞ ሊሸሽገው ይችል ይሆናል፤ በገዛ ብዕሩ ጽፎ በመዝገብ ያኖረ ጸሐፊ ግን ወዴት ይሸሽገዋል? ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጸሐፊ በነበርሁበት ጊዜ፣ ሾፌራችን ካቀረቡት የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «የባትሪ ውኃ፣ 5 ሊትር» የሚል አገኘሁ። ወዲያው በቀይ ቀለም ሰረዝሁና ከጎኑ «ውኃ በግቢ ውስጥ አለ» ብዬ ጻፍሁበት። ለመንግሥት ገንዘብ የተቆረቆርሁ መስሎኝ ነበር።

ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ ሁለተኛ አልተከራከሩኝም። ባትሪው ባነሰው ቊጥር ከግቢው ቧንቧ እየቀዱ ሞሉት። ከዓመት በኋላ በሰኔ ወር፣ መኪናው ማዳበሪያ የሚያድሉትን ሠራተኞች ይዞ ሊሄድ በተሰናዳበት ማለዳ አልነሣም አለ። ገበሬዎቹ አህዮቻቸውን ይዘው ከመጋዘኑ በር ሁለት ቀን ጠበቁ። የባትሪውን ክዳኖች ከፍቶ ያየው መካኒክ ራሱን ነቅንቆ «ምን ዐይነት ውኃ ስትጨምሩበት ኖራችኋል?» ሲል ጠየቀ። አለቃችንም «በአያያዝ ጉድለት» የባትሪው ዋጋ ከሾፌሩ ደመወዝ በየወሩ እንዲቈረጥ አዘዙ። ደብዳቤውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ዝም አልሁ።

ሕሊናዬ ዕረፍት ቢነሣኝ፣ ባትሪ ውኃው ለምን እንደሚያንስና የቧንቧ ውኃ ለምን እንደሚጐዳው መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ነገሩም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርሁት ሆኖ ተገኘ። መምህራችን ጨው በተጨመረበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ነክረው ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው፣ አንደኛው ሽቦ አረፋ ያወጣ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ውኃውን እያደፈረሰ ራሱ እየሳሳ ሄደ። እኛ ተማሪዎች ያደነቅነው አረፋውን ነበር፤ የሚሳሳውን ሽቦ ልብ ያለው አልነበረም።

ይህ ችግር ከጥበቡ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ውኃን በኤሌክትሪክ ሲከፍሉ፣ በመጀመሪያ የተጠቀሙበት የናስ ሽቦ በአንድ ወገን ሃይድሮጂን ሲሰጥ በሌላው ወገን ዛገባቸው። ፕላቲኒየም በተኩት ጊዜ ግን ኦክሲጅኑም ተለይቶ ወጣ። እንግዲህ ውኃን መክፈል አንድ ጉዳይ ሲሆን፣ የሚከፍለውን መሣሪያ ማቆየት ሌላ ጉዳይ መሆኑ ገና ከጥንቱ ታውቆ ነበር።

ባትሪም ኤሌክትሪክ ሲሞላ ከውኃው ጥቂቱን ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ኦክሲጅን ይከፍለዋል፤ ውኃው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጋዙ ወጥቶ ሲሄድ በቧንቧ ውኃ ውስጥ የነበረው ኖራና ብረት ግን ይቀራል፤ በየጊዜውም እየተከማቸ ባትሪውን ይጐዳል።

ዛሬ ሃይድሮጂን ከውኃ የሚያወጡት ታላላቅ መሣሪያዎች የዚሁ ባትሪ ዘመዶች ናቸው። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃና 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋቸዋል። ሃይድሮጂኑ ከአየር ከሚገኘው ናይትሮጂን ጋር ሲዋሐድ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያውም ማዳበሪያ ይሠራል። መሣሪያዎቹ ግን ያረጃሉ። በአንደኛው ዐይነት መሣሪያ ውስጥ ሁለቱን ጋዞች የሚለየው እንደ ብራና የሳሳ ሽፋን ነው፤ ውኃው ብረት ካለበት ብረቱ ከሽፋኑ ገብቶ ሽፋኑ እንዲበላና እንዲሳሳ ያደርጋል። ኦክሲጅን በሚወጣበት ወገን የተቀባው ኢሪዲየም የተባለ ማዕድንም ጥቂት በጥቂት ይሟሟል። ይህ ማዕድን በዓለም ሁሉ በዓመት ከ7 እስከ 8 ቶን ያህል ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚበዛው ከደቡብ አፍሪካ ይወጣል። ሽፋኑንና ቅቡን ማሳሳት ዋጋውን ይቀንሳል፤ ዕድሜውንም እንዲሁ ሊቀንሰው ይችላል።

እርጅናው በዐይን አይታይም። ለምሳሌ ያህል፣ በ1.8 ቮልት የሚሠራ አንድ ክፍል በየሰዓቱ 5 ሚሊዮንኛ ቮልት ቢጨምር ማን ልብ ይለዋል? ነገር ግን ቀንና ሌሊት ሲሠራ ከ9 ዓመት በሚበልጠው በ80,000 ሰዓት ውስጥ ጭማሪው 0.4 ቮልት ይደርሳል፤ ለዚያው ሃይድሮጂን ከመቶ 22 እጅ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይከፈላል ማለት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው መባሉ እዚህ ላይ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው ዐይነት መሣሪያ በኒኬልና በፖታሽ ውኃ የሚሠራው ነባሩ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአስዋን ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ዓባይ በሚሰጠው ኤሌክትሪክ ውኃ እየከፈለ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሃይድሮጂን ሲያወጣ ኖሮ፣ ኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ይህ ዐይነት መሣሪያ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ሲያገኝ ዕድሜው ይረዝማል። ኤሌክትሪኩ ከፀሐይና ከነፋስ ሲሆንና በየጊዜው ሲቋረጥ ግን፣ በቆመበት ሰዓት ኤሌክትሪኩ በውስጡ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ኒኬሉን ይጐዳዋል። ስለዚህ በቆመበት ጊዜ ጥቂት ጠባቂ ኤሌክትሪክ ይተውለታል፤ ኒኬሉም መመላለሱን በሚችል ቅብ ይለበጣል። ለመጀመሪያው ዐይነት ደግሞ ዋናው መድኃኒት ውኃውን ከመግባቱ በፊት ማጣራት፣ ሲዘዋወርም ያለማቋረጥ ማጣራት ነው። መድኃኒቱ ረቂቅ አይደለም፤ የማይታክት ተቈጣጣሪ ይፈልጋል እንጂ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ማዳበሪያችን ግን እስከ ዛሬ ከውጭ የሚገባ ነው። ወደ ፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ አገራችን ቢመጣ፣ የሚገባበት ቀን በደስታ እንደሚከበር አልጠራጠርም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው አምስተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ የውኃ ማጣሪያው ይለወጥ የሚል ቅጽ ወደ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ይመጣል፤ ጸሐፊውም እንደ እኔ ቀይ ቀለም ይኖረዋል።

ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ ቅጹን ከመዝገቡ አውጥቼ ለአለቃችን አሳየኋቸው። ቊረጣው ቆመ፤ እስከዚያ የተቈረጠውንም እኔ ከፈልሁ። ገንዘቡን ይዤ ሄጄ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብላቸው፣ ቈጥረው በኪሳቸው አኖሩትና «ልጄ፣ የእኔስ ይኸው ተመለሰ፤ እነዚያ ገበሬዎች የጠበቁትን ሁለት ቀን ግን ማን ይመልስላቸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ የባትሪ ውኃ መጠየቂያውን እኔው ራሴ ሞልቼ ለፊርማ አቀረብሁ።