ካርታው የማይናገረውን ማን ይናገር?



ስልክ ልጆችን ከትምህርታቸው ያዘናጋል የሚለው የወላጆች ስሞታ እውነትነት አለው። ነገር ግን ያው ስልክ ለትምህርት ሲውል ምን ያህል እንደሚጠቅም አስተውላችኋልን? እዚህ አቦከር ለማስተምራቸው ልጆች ሐረማያን፣ የቀድሞውን አለማያ ሐይቅ፣ ያሳየኋቸው በእርሱ ነው።

ጎግል ኧርዝ የተባለው የካርታ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሳተላይት የተነሡ ምስሎችን በየዓመቱ ደርድሮ ያሳያል። የክፍላችን ኢንተርኔት አያስተማምንምና ምስሎቹን ማታ ስልኬ ላይ አስቀምጬ እመጣለሁ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ በመጀመሪያዎቹ ምስሎች ሰፍቶ ይታያል። ከዚያ እየጠበበ ይሄድና እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከነጭራሹ ይጠፋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው በከፊል ተመልሷል።

«ውሃው የት ሄደ?» ይላሉ ልጆቹ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ካርታ የሆነውን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ የቤት ሥራቸው አያቶቻቸውን መጠየቅ ነው። ሐረር ራሷ ለአሥርት ዓመታት ከዚያ ሐይቅ ትጠጣ እንደነበር፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖም ውሃው በሞተር ይሳብ እንደነበር ሰምተው ይመጣሉ። ከተራቆተው ተዳፋት ታጥቦ የወረደው አፈር ሐይቁን እንደደለለው ደግሞ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንማራለን። ያን ጊዜ ሐይቁን ያደረቀው አንድ ክፉ ሰው ሳይሆን የብዙዎቻችን ቧንቧና ማሳ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ካርታና ጥያቄ ጥንትም አልተለያዩም። አል-ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 በሲሲሊ ያጠናቀቀውን የዓለም ካርታ የሠራው መንገደኞችን እየጠየቀ ጭምር ነበር።

እንግዲህ ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ስለ ሐይቁ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ «አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ብላችሁ አትመልሱት። ስልኩን አብራችሁት ተመልከቱ፤ የምታውቁትንም ንገሩት። የእናንተ ትዝታ በየትኛውም ሳተላይት አይነሣም። በውዱእ ውሃ እንኳ ብክነት የማይፈቀድልን ሰዎች ነን፤ የተመለሰው ሐይቅም በእጃችን ያለ አማና ነው። ነገ የሚጠብቀው ትናንት ለምን እንደደረቀ የተነገረው ልጅ ነው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።