ለእናታችን የሠራነው ኮምፒዩተር

ወላጆቹ በሕይወት የቈዩለት ሰው ከሚያገኛቸው በረከቶች አንዱ፥ እነርሱ በልጅነቱ ያደረጉለትን በጥቂቱ እንኳ ለመመለስ ጊዜ ማግኘቱ ነው። ነገር ግን ብድር መመለስ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እኛ የምንሰጠው ሌላ፥ እነርሱ የሚሹት ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ይህንንም ያስተማረን በቤታችን የደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ስለ ሆነ፥ ሌላውን ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንደ ሆነው ሁሉ ልንነግራችሁ አሰብን። ነገሩ ስለ ኮምፒዩተር ነው፤ ሆኖም ኮምፒዩተሩ የተሠራው ስለ አንድ መዝገብ ነውና ከመዝገቡ እንጀምራለን።

እናታችን በወጣትነታቸው ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጸሓፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሰፈራችን ዕድር ጸሓፊ ሆነው 19 ዓመት አገልግለዋል። ዕድር ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣ ሰው፥ ሞት በደጁ በመጣ ጊዜ ድንኳኑም ወንበሩም ቀባሪውም ሳይለምን ይደርስለታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጸናው ማን እንደ ከፈለና ማን እንዳልከፈለ በትክክል ተጽፎ ሲገኝ ነው።

በ2017 ዓ. ም. ክረምት፥ በነሐሴ ወር፥ የቤታችን ቈርቈሮ አፍስሶ መዝገቡ በተቀመጠበት ሣጥን ላይ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲወርድበት አደረ። ገጾቹን በፀሐይ ብናደርቃቸውም የብዙዎቹ ቀለም ተላቅቆ ነበር። በመስከረም አንድ ጎረቤታችን ዐረፉ። ባለቤታቸው ያለባቸውን ሁሉ ከፍለው እንደ ነበር ተናገሩ፤ ገጹ ሲገለጥ ግን ከሰማያዊ ብዥታ በቀር የሚታይ ነገር አልተገኘም። አንዳንዶች ገንዘቡ እንዲዘገይ አሰቡ። በዚያን ጊዜ እናታችን ተነሥተው፥ «በየወሩ የተቀበልሁ እኔ ነኝ፤ አንድም ወር አልጐደለባቸውም» ብለው መሰከሩ። ቃላቸውም ታምኖ ሟቹ በወግ ተቀበሩ። ዳሩ ግን ሰዎች ሲበተኑ ከኋላ አንዱ፥ «የሕዝብ መዝገብ በአሮጊት ትዝታ ይያዛልን?» ሲል ሰሙት። ያን ማታ እራት አልበሉም፤ ምን እንደ ሆኑም ብንጠይቃቸው አልነገሩንም። የሰማነው ከጎረቤት ነው።

ጥቂት ቀን እንደ ቈየ የዕድሩ ጉባኤ ተሰብስቦ፥ እስከ ጥር ወር መጨረሻ ድረስ መዝገቡ በኮምፒዩተር እንዲገባ፥ ይህ ካልሆነ ግን ሌላ ጸሓፊ እንዲመረጥ ቈረጠ። ውሳኔው በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የእናታችን ዓይን በሞራ ምክንያት እየደከመ መሄዱን ሁሉም ያውቅ ስለ ነበር፥ ነገሩ በጨዋ ደንብ ማሰናበቻ መሆኑ ለእኛም ለእርሳቸውም ግልጽ ነበር።

በቤታችን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረ። ይሠራ የነበረው ዊንዶውስ 10 በተባለው ሥርዓት ሲሆን፥ ሠሪው ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጠው የነበረውን የተለመደ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደዚህ ያረጀ ፕሮሰሰር ያለውን መሣሪያ አይቀበልም። ለአሮጌ ዕቃ የሚስማሙ ሌሎች ነጻ ሥርዓቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሆኖም ዲስኩ ራሱ መንቋቋት ጀምሮ ስለ ነበር፥ ውሃ ካጠፋው መዝገብ አውጥተን ነገ በሚሰበር ዲስክ ላይ መጣሉ ሞኝነት ሆኖ ታየን።

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የሚኖረው ወንድማችን ላፕቶፕ ልላክ አለ። እኛ ግን አመዛዘንን። የላፕቶፕ መስተዋት ትንሽ ነው፤ ለደከመ ዓይን አይመችም። ደግሞ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሁሉም አብሮ ይቀመጣል። በገበያ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው የሚሸጡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችም አሉ፤ ገንዘብ ብቻ ከተቈጠረ እነዚህ ሳይረክሱ አይቀሩም፤ ለሌላው ሰው ይህን መንገድ አንነቅፍም። እኛ ግን ክፍል በክፍል ገዝተን ራሳችን ለመግጠም የመረጥነው፥ አንዱ ሲያረጅ እርሱን ብቻ ለመለወጥ፥ የእያንዳንዱንም ዕቃ ዕድሜ ለማወቅ ብለን ነው።

የኮምፒዩተር አካል ለማያውቀው ሰው የሚያስፈራ ይመስላል፤ በቤት ዕቃ ሲመሰል ግን ይገባል። ፕሮሰሰሩ እንደ ወጥ ሠሪዋ ነው፤ ሥራው ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። ራም የተባለው እንደ መክተፊያው ጠረጴዛ ነው፤ ሰፊ ከሆነ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይዘረጋበታል፥ መብራት ሲጠፋ ግን ባዶውን ይቀራል። ኤስ ኤስ ዲ ደግሞ እንደ ጎተራ ነው፤ የተከተተው ሁሉ መብራት ቢጠፋም በውስጡ ይቀመጣል። ማዘርቦርዱ እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ ወለል ሲሆን፥ ፓወር ሰፕላይ የተባለው 220 ቮልቱን የግድግዳ ኤሌክትሪክ ለእነዚህ ለስላሳ ዕቃዎች በሚስማማቸው ልክ መጥኖ የሚያቀርብ ነው።

የመረጥነው ፕሮሰሰር በአውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ዓ. ም. የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ስድስት ኮር ያለው ሲሆን፥ ሥዕል ማሳያውን በራሱ ውስጥ ስለ ያዘ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ መግዛት አያስፈልግም፤ ማቀዝቀዣውም በአንድ ካርቶን አብሮት ይመጣል። ለዕድር መዝገብ ከበቂ በላይ ነው። ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ከወንድማችን ዘንድ በመንገደኛ እጅ መጡ፤ ኬዙን፥ ፓወር ሰፕላዩንና ሞኒተሩን ከመርካቶ ገዛን።

ስለ ዋጋም ጥቂት እንበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደ ተወደደ አንባቢ ያውቀዋል። በ2018 ዓ. ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ፥ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቆሙት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከላት የዓለምን ራም እየገዙ ስለ ወሰዱት የራም ዋጋ በሁሉም አገር አሻቀበ። ስለዚህ ወንድማችን ከራሱ አሮጌ ኮምፒዩተር ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ራሞች ነቅሎ ላከልን። በመልክ ማሳመሪያው በሚያብለጨልጭ መብራትና በመስተዋት ኬዝ ላይ ቈጠብን፤ በፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አልቈጠብንም። ኤሌክትሪክ በሚወጣና በሚወርድበት ሰፈር፥ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላልና።

በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርገን ሥራ ጀመርን። በሰውነታችን ላይ የተከማቸ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ አስቀድመን ባዶውን የኬዝ ብረት ነካን። የፕሮሰሰሩ ሆድ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ አንዱ እንኳ ከታጠፈ ገንዘቡ ፈሰሰ ማለት ነው። በአንድ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን አለች፤ እርሷን በማዘርቦርዱ ላይ ካለችው ምልክት ጋር አጋጥሞ መልቀቅ እንጂ መጫን አይገባም። ራሙ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቀጭ እስኪል ድረስ በርትቶ ይጫኑታል። ኤስ ኤስ ዲውን በአንዲት ጥቃቅን ብሎን አሰርን። እናታችን አጠገባችን ተቀምጠው የእጅ ባትሪ ያበሩልን ነበር።

ማምሻውን ሁሉን ጨርሰን አበራነው። ማራገቢያው ዞረ፤ መስተዋቱ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ቀረ። ራሙን አውጥተን መለስን፤ የሞኒተሩን ገመድ ለወጥን፤ ምንም የለም። እግሮቹን አጥፈናል የሚል ፍርሃት ያዘን። እርስ በርሳችንም መወነጃጀል ጀመርን፤ አንደኛችን «አንተ ቸኵለህ ነው» ሲል ሌላው «ላፕቶፑን ብንቀበል ኖሮ» እያለ፥ እናታችን መኖራቸውን እስክንረሳ ድረስ ተነጋገርን። እርሳቸው ግን ዓይናቸው ስላልረዳቸው በጣታቸው ገመዶቹን አንድ በአንድ ሲዳስሱ ቈይተው፥ «ይህ ጫፉ ባዶ የሆነው ምን ሥራ አለው?» ብለው ጠየቁ። በላይኛው ማዕዘን ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ኖሮአል፤ ከኬዙ ጀርባ ተንጠልጥሎ ረስተነዋል። ሰካነው፤ መስተዋቱም በራ። እኛ ሁለት ባለ ዓይን ሰዎች በሁለት ሰዓት ያላየነውን እርሳቸው በዳሰሳ አገኙት። ካፈርንባቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው።

የጫንንበት ሥርዓት ኡቡንቱ 24.04 ነው፤ ክፍያ የለውም፥ እድሳቱም እስከ 2029 በአውሮጳ አቈጣጠር ይቀጥላል። ከእርሱ ጋር ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የሠንጠረዥና የጽሑፍ መሥሪያ አለ። ፊደሉን አጕልተን በ24 ኢንች ሞኒተር ላይ ስናሳያቸው፥ ከመዝገቡ ይልቅ እዚህ ይታየኛል አሉ። የግዕዝ ፊደል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዓ. ም. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ቍጥር ውስጥ ስለ ገባ፥ አንዱ ዘንድ የተጻፈ አማርኛ በሌላው ዘንድ ሳይዛባ ይነበባል። አጻጻፉም ተነባቢውን መትቶ አናባቢውን መጨመር ነው፤ «ስ» ተመትቶ አናባቢ ሲከተለው «ሰ» ወይም «ሱ» ይሆናል። እናታችን ይህን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ስማቸው ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጋር የሚነሣው የኢንጂነር አያና ብሩ ብልሃት፥ የፊደሉን አካል መትቶ ቅጥያውን ለብቻው ማጋጠም ነበርና፥ «ይህማ የቀድሞው ሥራዬ ነው፤ መዶሻው ብቻ ጠፍቶአል» አሉ።

ትልቁን ስሕተት የሠራነው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ለማገዝ አስበን፥ እርሳቸው ሲተኙ 60 ያህሉን ቤተ ሰብ በአንድ ሌሊት ጻፍንላቸው። ጧት ባዩት ጊዜ አላመሰገኑንም። «ይህን እኔ አልጻፍሁትም፤ ያልጻፍሁትን አላነብም፥ አልፈርምበትምም» አሉ፤ ሁሉንም አጥፍተው ከአንድ ጀመሩ። እኛ መሣሪያ የሰጠናቸው መስሎን ሥራቸውን ልንወስድባቸው ነበር። ውሃ ያጠፋቸውን ገጾችም ለመሙላት በየቤቱ እየዞሩ ደረሰኝ ጠየቁ፤ እኛ የፈቀዱልን ሰነዱን መሸከም ብቻ ነው። 214 ቤተ ሰብ በሰባት ሳምንት ተጻፈ። የዚያች የባለቤታቸው የሞተባቸው ሴት ደረሰኞችም ሁሉም ተገኙ፤ አንድም ወር አልጐደለም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራው እንዳይበላሽ ዩፒኤስ ገዛን፤ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። በየሳምንቱም መዝገቡ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ በቤታችን፥ ሁለተኛው በዕድሩ ዳኛ ቤት ይቀመጣል፤ አንድ ቤት ቢቃጠል ወይም ጣራ ቢያፈስ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ከዚህም በላይ እናታችን አዲስ የወረቀት መዝገብ ገዝተው ጐን ለጐን ይጽፋሉ። ስለ ምን ብለን ስንጠይቃቸው፥ «ወረቀቱ ውሃ ይፈራል፥ ይህ ደግሞ መብራት ይሻል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አይታመሙም» አሉን።

በጥር ወር በጉባኤው ፊት መዝገቡን ራሳቸው አነበቡ። ያ ቃል የተናገረው ሰውም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወንበር አቀረበላቸው፤ ስለ ነገሩ ግን ማንም ምንም አላለም። ጸሓፊነታቸውም ጸናላቸው። እርሳቸው ግን በዚያው ጉባኤ፥ ዓይናቸው የሚያገለግላቸው እስከ መቼ እንደ ሆነ ስለማያውቁ፥ አንዲት የጎረቤት ልጅ ረዳት እንድትሆናቸው ለመኑ። አሁን ልጅቱ በየቅዳሜው እየመጣች ትጽፋለች፤ እናታችን ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠው የከፋዩን ስም ብቻ ሳይሆን ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ በማን ቀብር ማን እንደ ቆመ ያጫውቷታል። ይህ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ለወላጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር የምታስቡ ሁሉ፥ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ከመምረጣችሁ በፊት፥ በእርሱ ምን ሊሠሩበት እንደሚፈልጉ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። ካበራችሁላቸውም በኋላ፥ ኪቦርዱን ለእነርሱ ትታችሁ ወንበራችሁን ጥቂት ወደ ኋላ አድርጉ።